በሕይወት ስለ መኖሩ

ፍርድ ቤቱ ስንዱ አረጋን የጠራት ባሏ በሕይወት አለ ወይስ የለም የሚለውን ቀርባ በመሐላ እንድትመሰክር ነበር።

መጥሪያው በጆሮ ማዳመጫዋ ሲነበብላት እጇ ጨርቅ ላይ ነበር። ሥራዋ ማሽኑ አይቶ ያሳለፈውን ጨርቅ በመዳፏ እየዳሰሰች የቀረ እንከን መፈለግ ነው። በኮምቦልቻው ፋብሪካ ይህን ሥራ የሚሠሩ ስድስት ሴቶች ብቻ ቀርተዋል። የመጥሪያው ንባብ እስኪያልቅ ሃያ ሜትር ያህል ጨርቅ ሳትዳስሰው አለፈ፤ የሃያ ሜትሩ ዋጋ ከዕለት ደሞዟ ወዲያው ተቆረጠ። ስንዱ ቀና ብላ ሰዓቱን አየችና እጇን መልሳ ጨርቁ ላይ አሳረፈች።

ከሳሹ ምርኩዝ ብድር የሚባል ድርጅት ነው። ተከሳሹ ባሏ፣ ሃምሳ አለቃ ደምስ ይማም። ደምስ ከአገር ውጭ፣ በአህጉሩ ጥምር ጦር ስር፣ ቀጣና ሰባት በሚባል በረሃ ግዳጅ ላይ ከዋለ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። የዘማች ከለላ አዋጅ በሚባለው ሕግ መሠረት ግዳጅ ላይ ያለ ወታደር ቤቱ አይወሰድበትም፤ የብድሩ ወለድ ከመቶ ስድስት አይበልጥም፤ በሌለበትም አይፈረድበትም። ከለላው የሚያበቃው ወታደሩ ሲሰናበት ወይም ሲሞት ነው። ከተሰናበተ ዘጠና ቀን ይሰጠዋል። ከሞተ ቀን አይሰጠውም።

ደምስ የዘመተው ለዚሁ አዋጅ ብሎ ነበር። እሱ ብቻም አይደለም፤ ከብሎካቸው አሥራ አንድ ወንዶችና አራት ሴቶች የዘመቱት በዚያው ምክንያት ነው። ከአራት ዓመት በፊት ደምስ ከአንድ ጓደኛው ጋር የውሃ ቦቴ ለመግዛት ብሎ ቤቱን አስያዘ። ለስንዱ አልነገራትም። ቦቴው በስድስት ወሩ ገደል ገባ፤ ጓደኛው ጠፋ፤ ብድሩ ቀረ። ስንዱ ነገሩን ያወቀችው አንድ ጠዋት በረንዳው አልከፈት ሲላት ነው።

በዚያን ዘመን ዕዳው ያልተከፈለ ቤት የሚዘጋው ክፍል በክፍል ነበር። በመጀመሪያ በረንዳው ይቆለፋል። ቀጥሎ ሳሎኑ፣ ከዚያ ትልቁ መኝታ ቤት፣ ከዚያ ትንሹ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ወጥ ቤቱና ሽንት ቤቱ ነው። እዚያም ቢሆን ውሃው በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ይመጣል። ሰው አያባርሩም፤ ሰውየው ራሱ እስኪወጣ ነው የሚጠብቁት። ስንዱ፣ ደምስና እናቱ ወይዘሮ አስካለ አራት ወር ወጥ ቤት ውስጥ ተኝተዋል። አሮጊቷ ከማቀዝቀዣው አጠገብ፣ ባልና ሚስቱ በሩ ስር። ደምስ የምልመላውን ወረቀት በፈረመበት ዕለት፣ አመሻሹ ላይ፣ የበሮቹ ቁልፎች ቀጭ ቀጭ እያሉ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ወይዘሮ አስካለ እልል አሉ። ስንዱ ሳሎን ገብታ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና እዚያው አመሸች።

ከዚያ ወዲህ ደምስ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ለሩብ ሰዓት ይደውላል። ከቀጣናው የሚመጣው ድምፅ ስለሚቆራረጥ የጎደለውን ቃል ማሟያ የሚባለው መሣሪያ ይሞላዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል። «ውሃ» ሲል «ው» ብቻ ቢመጣ የቀረውን ማሟያው በራሱ በደምስ ድምፅ ይጨርሰዋል። ስንት ቃል ከራሱ እንደመጣ፣ ስንቱ እንደተሟላ የሚነግር የለም።

የመጀመሪያው ዓመት ተኩል ጥሪዎች ጠብ ነበሩ። «ቤቱን ሳትነግረኝ ለምን አስያዝክ?» ትለዋለች። «ደሞ ጀመረሽ!» ይላታል። ከዚያ ይጯጯሃሉ፤ ደምስ ሩብ ሰዓቱ ሳያልቅ ይዘጋዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም እንዳልተፈጠረ መልሶ ይደውላል። እሷም ምንም እንዳልተፈጠረ ታነሳለች።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። ደምስ ማዳመጥ ጀመረ። «እጅሽን አሁንም ያምሻል?» ብሎ ጠየቃት፤ እጇ እንደሚያማት ሰምቶም የማያውቅ ይመስላት ነበር። እናቱን «መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ» ይላቸው ጀመር። ስልኩን የሚዘጋው ሩብ ሰዓቱ ሞልቶ፣ ሁለቱንም በስማቸው ተሰናብቶ ነው። ወይዘሮ አስካለ ለጎረቤቱ ሁሉ «ጦሩ ልጄን ሰው አደረገው» እያሉ አወሩ። ስንዱ በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ሆን ብላ ልታስቆጣው ሞከረች። አልተቆጣም። ሦስተኛ አልሞከረችም።

*

የምርኩዝ ብድር ጠበቃ አቶ ልዑልሰገድ ይባላል። ከችሎቱ አንድ ሳምንት በፊት በምሳ ሰዓት ፋብሪካው በር ላይ ጠበቃት። አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ጫማው አቧራ ጠጥቷል። እንደሚመጣ አስቀድሞ ነግሯት ስለነበር ምሳዋን ይዛ ወጣች። አጥሩ ጥግ ካለው የግንብ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ እዚህ የመጣሁት ላስፈራራዎት አይደለም» አላት።

«እሺ።»

«የባለቤትዎ ጥሪ ከቀጣና ሰባት አይደለም የሚነሳው። አሥራ አራት ወር ሆነው። የሚነሳው አዲስ አበባ ካለ የሠራዊቱ ሕንፃ ነው፤ የሚያልቀውም እርስዎ ቤት ነው። ከበረሃው ወገን አንድም ቃል አልመጣም። ቅጂው ችሎቱ ላይ ይቀርባል።»

ስንዱ የምሳ ዕቃዋን ክዳን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«ሠራዊቱ ምን አለ?»

«የወታደሮቻችንን ሁኔታ ለሌላ ወገን አንገልጽም አለ። ሠራዊቱ ካልገለጸ ሕጉ የሚጠይቀው የቅርብ ቤተሰብን ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ያነጋግሩታል፤ ከዚያ እሱ ነው ወይም አይደለም ይላሉ። እሱ ነው ካሉ ከለላው ይቀጥላል። አይደለም ካሉ እንደሞተ ይቆጠራል።»

«አላውቅም ብልስ?»

«አላውቅም ማለት አይደለም እንደማለት ነው የሚያዘው።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን መርዶ ሊነግርዎት የሚገባው እኔ አልነበርኩም። አውቃለሁ። የሚነግርዎት ግን ሌላ ማንም የለም» አላት። «እኛ እየተከራከርን ያለነው ለእውነቱ ነው። እውነቱ ለእኛም ስለሚጠቅም ነው እንጂ ደግ ስለሆንን አይደለም፤ እሱንም አልዋሽዎትም። አይደለም ካሉ ድርጅቱ ስድስት ወር ወጥ ቤቱን ይተውልዎታል። አስከሬኑ እንዲመለስም ሠራዊቱን በራሱ ወጪ ይከሳል። ውሉን ይዤ መጥቻለሁ።»

«እናቱ አሮጊት ናቸው» አለች ስንዱ። «ወጥ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ተኝተው ነው ወገባቸው የተበላሸው።»

አቶ ልዑልሰገድ ተነሳ። ወረቀቱን መቀመጫው ላይ ትቶላት ሄደ።

በማግስቱ ፈቃድ ወስዳ ደሴ፣ የዘማች ቤተሰብ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ኃላፊዋ ሻለቃ የትናየት ሃምሳ የተጠጋች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ነበረች። ወንበር ስባ ሰጠቻት፤ ውሃ ቀዳችላት።

«እህቴ፣ መጥሪያው እንደደረሰሽ አውቃለሁ» አለቻት።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ደምስ በሕይወት አለ?»

«ቅዳሜ ደውሎልሽ የለም እንዴ?»

«ደውሏል።»

«እንግዲያው?»

ስንዱ ሴትየዋን ትኩር ብላ አየቻት። የሻለቃዋ ፊት ላይ ክፋት አይታይም፤ የደከመው ሰው ፊት ነው።

«ሞቷል ካላችሁኝ ጡረታ አለኝ አይደል?» አለች ስንዱ።

«ሟች ካለ ጡረታ አለ። ቀጣና ሰባት ውስጥ ከአምና ጥቅምት ወዲህ ሟች የለም። መግለጫው ይኸው ነው፤ ሁላችንም የሰማነው እሱን ነው።» ሻለቃዋ የውሃውን ብርጭቆ ወደ ስንዱ ገፋ አደረገችው። «ከአንቺ በፊት አርባ ሁለት ሚስቶች እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም እንዳንቺ መጥሪያ ደርሷቸው ነው የመጡት።»

«ፍርድ ቤት ቀርበው ምን አሉ?»

«ሠላሳ ዘጠኙ አሁን ቤታቸው ናቸው» አለች ሻለቃዋ። «የሦስቱን አላውቅም።»

*

ችሎቱ ሐሙስ ጠዋት ነበር። ወይዘሮ አስካለ ቅሩ ቢባሉ አሻፈረኝ አሉ። «ልጄን ሞተ እያሉ ሊከሱት እኔ ቤት ልቀመጥ?» ብለው የክት ቀሚሳቸውን ለበሱ። ስንዱ ስለ ጠበቃውም ስለ ሻለቃዋም ለአማቷ አልነገረችም። በነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ ምንም አልተወራም፤ ግድግዳው ይሰማልና። በብድሩ ውል ላይ እንደተጻፈው የሚሰማው የቧንቧ ፍሳሽ፣ የመስታወት መሰበርና ያልተመዘገበ ሰው ማደሩን ለማወቅ ነው። ባለፈው ዓመት ግን አምስተኛ ፎቅ ያለች ሴት ሌሊት ስታለቅስ ተሰምታ፣ ለቅሶዋ ባሏ ለመሞቱ ማስረጃ ሆኖ ቀርቦባታል። ሴትየዋ አሁን የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።

ዳኛዋ ወጣት ነበሩ። ጉዳዩን በፍጥነት አነበቡ። አቶ ልዑልሰገድ የጥሪዎቹን መነሻ የሚያሳየውን ቅጂ አቀረበ። ሠራዊቱን ወክሎ የመጣ ሰው ተነስቶ «አስተያየት የለንም» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ዳኛዋ ስንዱን አስማሉና፣ መስመሩ ላይ ያለውን ሰው አነጋግራ ባሏ መሆኑንና አለመሆኑን እንድትናገር፣ ውሸት ከሆነ ግን አምስት ዓመት እንደሚያስቀጣ ነገሯት።

«ይጠይቁት» አሏት።

የደምስ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ስንድዬ፣ ደህና ነሽ? እማማስ አለች?»

ከኋላ ወንበር ወይዘሮ አስካለ «አለሁ ልጄ!» ብለው ጮኹ። የችሎቱ ተላላኪ ዝም እንዲሉ በእጁ ምልክት ሰጣቸው።

ስንዱ ምን እንደምትጠይቅ ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ አድራለች። የሠርጋቸውን ቀን፣ መጀመሪያ የተገናኙበትን ቦታ ማሟያው እንደሚያውቅ ታውቃለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያወሩት ሁሉ እሱ ዘንድ ነው። ቆማ ሳለች ግን ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት፤ ከአፏ የወጣው አሮጌው ጥያቄ ነበር።

«ደምስ፣ ቤቱን ሳትነግረኝ ለምን አስያዝክ?»

እስትንፋስ ተሰማ፤ ልክ የደምስ እስትንፋስ፣ በአፍንጫው ትንሽ የሚያፏጭ።

«አጥፍቻለሁ» አለ ድምፁ። «መጀመሪያ ላንቺ መንገር ነበረብኝ። እንቢ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው። ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። አፍሬም ጮህኩብሽ። ይቅር በይኝ ስንድዬ።»

ዳኛዋ አንገታቸውን ደፉ። ከተቀመጡት ሰዎች አንዷ አፍንጫዋን ጠረገች። የሠራዊቱ ወኪል እንኳ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ይህን ቃል ስንዱ ከሦስት ዓመት በላይ ጠብቃዋለች። ወጥ ቤት ውስጥ በሩ ስር ተኝታ ጠብቃዋለች፤ አውቶቡስ መናኸሪያ ስትሸኘውም ጠብቃዋለች። አሁን መጣ፤ ሳይጎድል፣ ሳይቆራረጥ፣ እሷ ራሷ ልትጽፍለት ከምትችለው በላይ አምሮ መጣ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልቧ ውስጥ የቀረች ትንሽ ጥርጣሬ ነበረች፤ ምናልባት ተለውጦ ቢሆንስ፣ ምናልባት በረሃው አብርዶት ቢሆንስ የምትል። ያቺ ጥርጣሬም እዚያው ሞተች። ደምስ የለም። የት እንደወደቀ፣ ማን እንደቀበረው፣ ቀባሪ ይኑረው አይኑረው አታውቅም። የምስክር ሳጥኑን እንጨት ያዘች።

«ወይዘሮ ስንዱ» አሉ ዳኛዋ፣ «እሱ ነው?»

አቶ ልዑልሰገድ ሲያያት ታወቃት። ከኋላዋ ደግሞ አማቷ አሉ። ዞር ብላ አላየቻቸውም።

«እሱ ነው።»

«በመሐላዎ?»

«በመሐላዬ። ባሌ ነው።»

ጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄ እንዳለው ተጠየቀ። ወረቀቱን አጠፈና «የለኝም ክቡር ፍርድ ቤት» አለ። ክሱ ተዘጋ። ከለላው ለአንድ ዓመት ታደሰ፤ ዓመት ሲሞላ ስንዱ እንደገና ቀርባ እንደምትመሰክር ተነገራት። እሱ ነው ባለችበት መዝገብ ላይ የጣት አሻራዋን አኖረች። ከመዝገቡ ጋር የጡረታም የአስከሬንም ጥያቄ እንደማታነሳ የሚል ቅጽ ሠራዊቱ አያይዞ ኖሯል። አነበበችውና አሻራዋን እሱም ላይ አኖረች።

*

በአውቶቡስ ሲመለሱ ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ተቀመጡ። ቤት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ተኙ። ዓርብ ዕለት እህል አልቀመሱም። ስንዱ ደስታው ነው የበዛባቸው ብላ አሰበች፤ ወይም እንዲያ ብላ ልታስብ ሞከረች።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥሪው መጣ። አሮጊቷ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። «ደህና ነኝ ልጄ» አሉ። «መድኃኒቴን ወስጃለሁ። አንተ ብቻ ራስህን ጠብቅ።» ድምፃቸው የተለመደው ነው፤ ዓይናቸው ግን ሽንኩርቱ ላይ ነበር፤ አንዴም ቀና አላሉም። ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ ድምፁ ሁለቱንም በስማቸው ተሰናበተ።

እሁድ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ደረቡና «ስንድዬ፣ እስቲ ደግፊኝ፤ እግሬን ላፍታታ» አሉ። ከሕንፃው ወጥተው መንገዱን ተሻገሩ። ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ቤት በሌለበት፣ ግድግዳ በሌለበት ቦታ ሲደርሱ አሮጊቷ ቆሙ።

«ደምስ ሞቷል አይደል?»

«እማማ...»

«አትዋሺኝ፤ ሐሙስ ለዳኛዋ የዋሸሽው ይበቃል።» እጃቸው የስንዱን ክንድ አጥብቆ ያዘ። «አባቱ ይማም አርባ ዓመት አብሮኝ ኖሮ አንዲት ቀን ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም። ልጁም እሱኑ ነው የወጣው። ሰባት ዓመቱ እያለ የጎረቤት መስኮት ሰበረና ይቅርታ በል አልኩት። አልልም አለ። ካላልክ እራት የለም አልኩት። ጦሙን አደረ። በማግስቱም ምሳ ከለከልኩት። እኔ ነኝ ያለቀስኩት እንጂ እሱ አላለም። ልጄን አላውቀውም? ሐሙስ ዕለት ያ ድምፅ ይቅር በይኝ ሲል፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ መርዶዬን ሰማሁ።»

ስንዱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ታዲያ ምነው ያን ጊዜ አልተናገሩ?»

«ተናግሬ ቤቱን ላስወስድብሽ? አንቺ ስትዋሺ ሰማሁ፤ እኔም ዝም አልኩ። እኩል ነን።» አሮጊቷ ወደ ወንዙ ዞሩ። ውሃው ቡናማ ነበር፤ የፋብሪካ አረፋ ተሸክሞ ይሄዳል። «አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ቤት ውስጥ አላለቅስም፤ ይሰማል። ፍትሐት ላስፈታ ብል ቄሱ ስሙን ይመዘግባሉ። እድሩ ከሰማ ምርኩዝም ይሰማል። ልጄ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ አንድ ሰው አላለቀሰለትም። የማለቅስበት ቦታ ፈልጊልኝ።»

ስንዱ አራት ቀን ፈለገች። ወንዝ ዳር እንዳይሆን ሰው ያልፋል፤ ተራራው ላይ እንዳይሆን የአሮጊቷ ወገብ አይችልም። በመጨረሻ ፋብሪካ አብራት የምትሠራ አንዲት ሴት ሐርቡ ከተማ ውስጥ ስለሞቱ ሽማግሌ ስታወራ ሰማች። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፤ በተኙበት ነው ያረፉት። ስንዱ አታውቃቸውም። ስማቸውን ሁለት ጊዜ አስደግማ ሰማችና በልቧ ያዘችው፦ አቶ ጌጤ በላቸው።

በማግስቱ ማለዳ አማቷን ይዛ በአውቶቡስ ሐርቡ ወረደች። ድንኳኑን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ሰው ሞልቶታል። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። እስከ ድንኳኑ በር ድረስ እንደ ማንኛዋም አሮጊት ቀስ እያሉ ተራመዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ከስንዱ ክንድ ተላቀቁ።

«ልጄ!» ብለው ጮኹ። «ልጄ! ልጄ! ሳላይህ! አፈር ሳላለብስህ!»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሟቹ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ሴትየዋ ግን ልጄ እያሉ ደረታቸውን ይደልቃሉ። አንዳንዶቹ ተያዩ። ከዚያ ከማዶ ጥግ አንዲት ሴት ለቅሶውን ተቀበለቻቸው፤ ሌላዋም ተከተለች። ወዲያው ድንኳኑ ሁሉ አነሳው። ወይዘሮ አስካለ መሬት ተቀመጡና ስለ በረሃው፣ ስለ ውሃ ጥሙ፣ ስለ አንገተ ደንዳናው ልጃቸው ሙሾ አወጡ። ስሙን ግን አልጠሩም። ያን ያህል እያለቀሱ እንኳ ስሙን አልጠሩም።

የሟቹ ሚስት፣ ጥቁር የለበሱ ከሲታ አሮጊት፣ ተደግፈው መጡና አጠገባቸው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ እኔ አላውቃችሁም» አሉ፤ በቁጣ ሳይሆን ግራ ገብቷቸው። «የጌጤ ምኑ ናችሁ?»

ወይዘሮ አስካለ ማልቀሳቸውን ቀጠሉ። ስንዱ ናት የተናገረችው።

«ትልቅ ውለታ ውለውልናል» አለች። «ከእሳቸው ሌላ ያን የሚያደርግልን ሰው አልነበረም።»

አሮጊቷ ሚስት ስንዱን አዩ፤ ከዚያ የወይዘሮ አስካለን የቀላ ደረት አዩ። የተረዱት ነገር ይኑር አይኑር ከፊታቸው አይታወቅም። ብቻ የወይዘሮ አስካለን እጅ ይዘው አስነሱና «እንግዲያው እዚህ በር ላይ አትቀመጡም» አሉ። ወስደው ከራሳቸው አጠገብ፣ የቅርብ ዘመድ በሚቀመጥበት ረድፍ አስቀመጧቸው። ለስንዱም ቦታ ለቀቁላት።

የመሰናበቻው ሰዓት ሲደርስ ለቀስተኛው ተሰልፎ በረድፉ ፊት ማለፍ ጀመረ። ሚስትየዋን ጨበጡ፤ ልጆቹን ጨበጡ፤ ከዚያ ወይዘሮ አስካለ ጋ ደረሱ። «እግዜር ያጥናዎት እናቴ» አሏቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ በሻከረ ድምፅ።

ስንዱ እስከዚያ ሰዓት አላለቀሰችም ነበር። አንድ ረጅም፣ ግራ እጁ የማይታዘዝለት ሽማግሌ ፊቷ ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ በሚሠራው እጁ እጇን ያዘና «አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ያጥናሽ» አላት። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ለቅሶው ቀደማት። ሽማግሌው እስክትጨርስ ድረስ እጇን ሳይለቅ ጠበቃት። ከኋላው የቆሙትም አልተጣደፉም።

ሲበቃት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና፣ ለሚቀጥለው ሰው እጇን ዘረጋች።